ውሻ በቀደደው

ባለፈው ጥቅምት አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ስሜን ጠየቁኝ። ግማሹን ብቻ ነገርኳቸው።

ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። በዚህ አገር ከዚህ የከበደ ብዙ ነገር ደርሶብኝ አንዱንም ሳልጽፍ አልፌያለሁ። ይሄ ግን ሌሊት ፈረቃ ላይ ይመጣብኛል። አውቶቡስ ስጠብቅ ይመጣብኛል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር መጣብኝ። ሰው ስሙን ተጠይቆ ግማሹን የሚውጠው ለምንድነው? የሰረቅኩት ነገር የለ።

ሽማግሌውን ሦስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ ስል፣ ምን እንደሚጠጡ አውቃለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀኝ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ሚስታቸው እንደሞቱባቸው አውቃለሁ። እሳቸው ደግሞ ውሻዬን ያውቃሉ።

ጆርጅ

ውሻው የእኔ አልነበረም። ሸፊልድ ውስጥ ከምኖርበት ፎቅ ከሥሬ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ አየሩ እናወራለን። ከባድ ዕቃ ሲኖራቸው እሸከምላቸዋለሁ። በቃ። አንድ ቀን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ሲወስዳቸው ቁልፋቸውን እጄ ላይ አስቀመጡና "ለሁለት ሳምንት ብቻ" አሉኝ። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ። የገቡበት መኖሪያ ውሻ አያስገባም። ሁለት ሳምንቱ ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። እኛ ቤት ውሻ የሥራ መደብ ነበር። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትርፍራፊ ይበላል፣ ይጮኻል። ከእንጦጦ ጅብ የሚወርድበት ሰፈር ስለሆነ ሥራው ቀላል አልነበረም። ውሻ ማሻሸት የሚባል ነገር አናውቅም። ከነከሰህ ደግሞ ፓስተር ተወስደህ ሆድህ ላይ በየቀኑ መርፌ ትወጋለህ። እኔ አልደረሰብኝም። የጎረቤታችን ልጅ ግን ተወግቶ መጥቶ ሸሚዙን ገልጦ አሳይቶናል። እስከ ዛሬ የማላውቀው ውሻ ሲያሸተኝ ትዝ የሚለኝ ያ ሆድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ከሥራ ባመጣሁት ጓንት ነበር የምይዘው። (የምሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው፤ ጓንት አይቸግረኝም።) እሱ ምንም አልመሰለውም። ቦርደር ቴሪየር የሚሉት ዓይነት ነው። 7 ኪሎ የማይሞላ፣ ፊቱ የተኮሳተረ፣ ጢሙ የሽማግሌ። ማታ ማታ የመኝታ ቤቴ በር ሥር ይተኛል። ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ያን ጊዜ እንግሊዝ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ያንኮራፋ ሰው የለም።

ችግሩ ስሙ ነበር። ጆርጅ ይባላል። እማዬ ስልክ ላይ ሆና ስጠራው ሰማች።

"ማነው ጆርጅ?"

"ውሻው ነው፣ እማዬ።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"የሰማዕቱን ስም ነው ለውሻ ያወጣህለት?"

"እኔ አላወጣሁለትም። ከነስሙ ነው የመጣው።"

"አንተ ልጅ፣ አንተን እኮ ለሱ ተስዬ ነው ያገኘሁህ!"

እውነቷን ነው። ሦስት ሴቶች ወልዳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ሄዳ ተስላ ነው እኔ የመጣሁት። ለዚህ ነው ኃይለጊዮርጊስ የተባልኩት። እንግሊዞቹም የእሱ ወዳጆች ናቸው፣ በዓሉን በእነሱ አፕሪል 23 ያከብራሉ፣ ወሩ ባይገጥም ቁጥሩ ይገጥማል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። "ቄሱ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ብለህ ልትጠራው ነው?" አለች። "የጃንሆይስ ሉሉ? ቤተ መንግሥት አልነበር እንዴ የሚኖረው?" ብዬ ተከራከርኩ። "አንተ ጃንሆይ ነህ?" አለችኝ። እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። ለሰላም ሲባል እሷ መስመር ላይ ስትሆን ቡቺ እለዋለሁ። ቡቺ ሲባል ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም።

"ጠፋብህ ወይ?"

ከጆርጅ በፊት አንድ ጊዜ ብቻዬን ገጠር ሄጄ ነበር። ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ተራራማ አካባቢ ከሸፊልድ ቅርብ ነው፤ ኢዴል የምትባለው መንደር ድረስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ። ካርታ ገዝቼ ነበር፤ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትመውን፣ ሽፋኑ ብርቱካናማ የሆነውን፣ በ1፡25,000 የተሠራውን። ይሄን ካርታ እስካሁን እወደዋለሁ። የእግር መንገዱ በአረንጓዴ ሰረዝ ተሥሏል። ቤተ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ መጠጥ ቤቱ በሰማያዊ የቢራ ኩባያ። ሰው ከአንድ መንደር የሚፈልገውን ሁለት ነገር ለይተው አስቀምጠውለታል።

በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች "ጠፋብህ ወይ?" አሉኝ። አንዱ አጥር መሻገሪያው ላይ፣ አንዷ በጎች መሀል። ሁለቱም ፈገግ ብለው ነው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ካርታውን እጄ ላይ ያያሉ። ከፊቴ አራት ሰዎች አልፈዋል፣ ከኋላዬም ይመጣሉ፤ እነሱን "ጠፋባችሁ ወይ?" ያላቸው የለም። አመስግኜ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሳልመለስ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ራሴን መጠየቅ አለብኝ። እኛስ ገጠር የማናውቀው ሰው ሲያልፍ አንጠይቅም? እንጠይቃለን እንጂ! "ከወዴት ነህ? ወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?" ካልተጠየቀ ነው የሚከፋው። እንዲያውም ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው እኛ ጋ ከዚህ የበለጠ ያስጠረጥራል። እማዬ "ወክ" የሚባለው ነገር እስካሁን አልገባትም። "ማን ሞቶ ነው ተራራ የምትወጣው?" ነው የምትለው። ግን ልዩነት አለው። እኛ ጋ ከጥያቄው ቀጥሎ "ግባ፣ አረፍ በል፣ ቡና ጠጣ" ይመጣል። እዚህ ከጥያቄው ቀጥሎ የመጣልኝ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው አቅጣጫ ነው።

በጆርጅ ጊዜ ነገሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ያው መንገድ፣ ያው ፊት፣ ያው ጃኬት። ገመዱ ጫፍ ላይ ግን አንድ ቡናማ ነገር አለ። ጠፋብህ ወይ ያለኝ የለም። "እንዴት አደርክ!" ይላሉ። "ስንት ዓመቱ ነው? ጉድጓድ መቆፈር ይወዳል? የእኛም እንደዚሁ ነበር፣ አምና ሞተብን።" አንዲት ሴት የውሻዋን አሟሟት እያለቀሰች ነገረችኝ፤ የመጣችበትን አገርም ሆነ የእኔን አልተጠያየቅንም። ውሻ ያለው ሰው ለምን እንደመጣ ግልጽ ነው። ውሻውን ሊያንሸራሽር ነው። ጆርጅ መታወቂያዬ ሆነ።

የምንሄድበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከኢዴል ሸለቆውን ተሻግረን ሆሊንስ ክሮስ ወደሚባለው የተራራ ወገብ እንወጣለን። ከዚያ በሸንተረሩ ማም ቶር ድረስ፤ 517 ሜትር ነው። ስሙ "እናት ተራራ" እንደማለት ነው ይላሉ። ጎኑ እየተናደ ስለሚወርድ በሥሩ የነበረውን አስፋልት በ1979 ጭራሽ ዘጉት። የተሰባበረው መንገድ እስካሁን አለ፤ ጆርጅ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል። ከዚያ ወደ ካስልተን ወርደን በሜዳው ሆፕ ጣቢያ።

ሆሊንስ ክሮስ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። ድሮ ኢዴል የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖረው፣ ሰዎቹ ሬሳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በዚህ አፋፍ ነበር ካስልተን ወስደው የሚቀብሩት። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የአያቴ ቀብር ነው። ቃሬዛው፣ የሚቀያየሩት ሰዎች፣ "እኔ ልያዝ፣ አንተ ደክሞሃል" የሚባባሉት። ይሄን አፋፍ በክረምት ሬሳ ይዞ መውጣት ምን እንደሚመስል ለእኔ ማንም አያስረዳኝም። ስለዚህ እዚያ ላይ የጠፋሁ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከማዶ የሚታየው ኪንደር ስካውት ነው፤ 636 ሜትር። በ1932 አፕሪል 24 በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ተከልክለው ሳለ በድፍረት የወጡበት። መሬቱ የባለርስቶች የአደን ቦታ ነበር። ጠባቂዎቹ ዱላ ይዘው ጠበቋቸው። አምስቱ እስር ተፈረደባቸው። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት የማንቸስተር ልጅ፣ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ አራት ወር ተፈረደበት። ዛሬ ሁሉም ሰው ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸርበት መንገድ "እዚህ ምን ትሠራለህ?" በተባሉ ሰዎች የተከፈተ ነው። ብቻዬን ሄጄ በተጠየቅኩበት ቀን ይሄን ባውቅ ኖሮ ቀና ብዬ እመልስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ውሸቴን ሊሆን ይችላል።

ውሻ ለመውሰድ ለምታስቡ አንድ ነገር ልበል። በጎች ባሉበት ገመድ አይፈታም። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ደግሞ ክፍት በሆነው የተራራ መሬት ላይ ከብት ኖረም አልኖረም ከ2 ሜትር ባልበለጠ ገመድ መያዝ በሕግ ግዴታ ነው፤ መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች አሉ፣ በጎችም የሚወልዱበት ጊዜ ነው። በግ የሚያሳድድ ውሻ ላይ ገበሬው ቢተኩስ ሕግ የሚቆምለት ሁኔታ አለ። ጥጃ የያዘች ላም ብትመጣባችሁ ግን ገመዱን ልቀቁት። ላሟ ጠቧ ከውሻው ጋር ነው፤ ውሻው ሮጦ ያመልጣል፣ እናንተ አታመልጡም።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ

ሁልጊዜ የምንገባበት ፐብ፣ የመንደር መጠጥ ቤት ማለት ነው፣ ከመንገዳችን ብዙ አይርቅም። ስሙን አልጽፍም፤ ሰዎቹ ፈቃድ አልሰጡኝም። እንደ ኢዴሉ ኦልድ ናግስ ሄድ ዝነኛ አይደለም። ኦልድ ናግስ ሄድ በር ላይ ነው ፔናይን ዌይ የሚባለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የእግር መንገድ የሚጀምረው። የእኛው ትንሽ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ድንጋይ፣ ምድጃው የሚጨስ። በሩ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። "ውሾች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰዎችን ችለን እናስገባለን" ይላል።

ቀልድ ነው። በየፐቡ ይሸጣል፣ በየፐቡ ይሰቀላል። እንግሊዞቹ ከማየት ብዛት አያዩትም። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ችለን እናስገባለን? የቪዛ ማመልከቻ ላይም እንደዚህ ዓይነት ስሜት ነበረው።

ገባን። አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት የውሃ ሳህን ይዛ መጥታ ጆርጅ ፊት አስቀመጠች። ስሙን ጠየቀች፣ ነገርኳት፣ ጆሮውን አሻሸችው፣ ሄደች። እኔ አስተናጋጅ መጠበቅ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ከእኔ በኋላ የገቡ ሰዎች መጠጥ ይዘው ተቀምጠዋል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሰዓቴን አየሁ። ደሜ ፈላ። "ለውሻው ውሃ፣ ለእኔ ጀርባ" እያልኩ በልቤ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጃኬቴን መዝጋት ጀምሬ ነበር።

ይሄኔ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ውሻው ጎንበስ አሉና እንዲህ አሉ፦

"ጆርጅ፣ ለጌታህ ንገረው። እዚህ ቤት ባንኮኒው ድረስ ካልሄደ እስከ ማታ ይጠማዋል።"

ለእኔ አላሉኝም። ለውሻው ነው ያሉት። በኋላ እንዳየሁት እንግሊዞች ለማያውቁት ሰው ለመናገር ሲያፍሩ በውሻው በኩል ይናገራሉ። ውሻው አስተርጓሚ ነው። ፐብ ውስጥ ደግሞ አስተናጋጅ አይመጣም። ራስህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዝዛለህ፣ ከፍለህ ይዘህ ትመለሳለህ። ሰልፍ እንኳ የለም፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም በዓይኑ ይዟል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተበድዬ የተቀመጥኩት ወግ ባለማወቄ ነበር።

ይሄን የምጽፈው በራሴ ለመሳቅ ብቻ አይደለም። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የተሰማኝ ነገር ውሸት አልነበረም። ከሌላ ቦታ ይዤው የመጣሁት ነው። አንዳንዴ በደሉ ያለ ቦታው ይመጣል፣ ቦታው ላይ ደግሞ ሳታየው ያልፋል። ለይቶ ማወቅ ይደክማል። ያን ቀን ግማሽ ፓይንት ቢራ ጠጥቼ ከሽማግሌው ጋር ስለ ውሻ ጥርስ አውርተን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ቅዳሜ አልቀርም።

ቢራው መጀመሪያ አልጣመኝም። የቀዘቀዘ አይደለም፣ አረፋው ስስ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ምድር ቤት አስገብቶ በርሜሎቹን አሳየኝ። እዚያው በርሜል ውስጥ ሳለ መፍላቱን ይቀጥላል አለኝ። ጆሮዬን ወደ እንጨቱ አስጠጋሁ። እንዴ! ይሄማ ጠላ ነው። ከዚያ በኋላ ጣመኝ። ሰሌዳውም ዘመዳችን ነው። ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ በ1393 ቢራ የሚሸጥ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ ይባላል፤ የእኛዋ ጠላ ሻጭ እንጨት ላይ ጣሳ የምትደፋው ማን አዟት ነው? ማንበብ ለማይችል ጠጪ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ውሻ ማስገባትን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ ካልሆነ በቀር የባለቤቱ ፈቃድ ነው። አብዛኛው ገጠር ፐብ ድንጋዩ ወለል ላይ ይፈቅዳል፣ ምንጣፍ ያለው መመገቢያ ክፍል ውስጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ውሻ ያለው ሁሉ ከነጭቃ ቦቲው አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ይቀመጣል። እርጥብ ውሻ ይሸታል፣ እርጥብ ካልሲ ይሸታል፣ ማንም አይናገርም። በጾም ጊዜ ቺፕስ አዝዛለሁ። በዚህ አካባቢ አንዳንድ ቦታ በከብት ሞራ ስለሚጠብሱት መጠየቅ ግድ ነው። ቪጋን የሚለው ምልክት ሜኑ ላይ ከመጣ ወዲህ ግን ጾመኛው ተገላገለ። ለምን እንደሆነ ስጠየቅ "ሆዴን ያመኛል" እል ነበር። አያችሁ፣ ግማሽ መናገር የጀመርኩት ያን ቀን በጥቅምት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት እናት ስለዚያ ሰሌዳ ስነግራት አልሳቀችም። አባቷ በ1950ዎቹ ሲመጡ አከራዮች መስኮት ላይ ይለጥፉት የነበረውን ነገረችኝ። "ጥቁር፣ አይሪሽ፣ ውሻ አይፈቀድም።" ጥቁር የማያስገባ ፐብም ነበር። በሕዝብ መገልገያ ቦታ ሰውን በዘሩ መከልከል በሕግ የተከለከለው በ1965 ነው። ያ በኦልድ ናግስ ሄድ በር የሚጀምረው ረጅም የእግር መንገድ የተከፈተውም በ1965 ነው። መንገዱ በአፕሪል፣ ሕጉ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት በር ተከፈተ፤ ቀድሞ የተከፈተው የመንገዱ ነው። ከሦስቱ ተከልካዮች ውሻው ዛሬ የት እንደደረሰ ደግሞ በሩ ላይ ተጽፏል።

ያለ ውሻው

ጥቅምት ላይ ጆርጅ ሁለት መንጋጋ ጥርሱን ተነቀለ። የእንስሳት ሐኪሟ ለአሥር ቀን ረጅም ጉዞ የለም፣ ደረቅ ነገርም አይቀምስ አለች። ቅዳሜ እረፍቴ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ተያይተን ተቀመጥን። ከዚያ ለአንዲት ጓደኛዬ አደራ ሰጥቼው ብቻዬን ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ማንም ጠፋብህ ወይ አላለኝም። ማንም እንዴት አደርክም አላለኝም። የሚያልፈው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወገቤ አካባቢ ያለውን መሬት ነው፤ ምንም ሲያጣ ወደ ላይ ይመለከትና ይገረማል። እጄ የት እንደሚቀመጥ ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኪስ ውስጥ የገባ እጅ ደግሞ የባሰ መሰለኝ፣ አወጣሁት። ሆሊንስ ክሮስ ላይ እንኳ አልቆምኩም።

ፐቡ በር ላይ ስደርስ ሰሌዳውን እንደገና አነበብኩት። ምሳ ዝርዝሩንም አነበብኩት፤ በቃሌ የማውቀውን። ዝናብ ጀመረ። ሦስት ዓመት የተመላለስኩበት በር ላይ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ወደ ጣቢያው ልመለስም አስቤ ነበር። የመለሰኝ ባቡሩ ገና ሃምሳ ደቂቃ እንደሚቀረው ማወቄ ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም።

ገባሁ። ሴትየዋ ቀና አለች። በዓይኗ ወደ ወለሉ ፈለገች።

"ጆርጅስ?"

ጥርሱን እንደተነቀለ ነገርኳት። ቤቱ ተንጫጫ። የትኛው ጥርስ? በማደንዘዣ ነው? እየበላ ነው? ስሙን የማላውቀው ወፍራም ሰውዬ ኢንሹራንስ አለህ ወይ አለኝ። ሴትየዋ ባንኮኒው ላይ ካለው ማሰሮ አራት የውሻ ብስኩት አውጥታ በሶፍት ጠቀለለችልኝ። እኔም አለሁ ማለት አማረኝ። ግን ደስም ብሎኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። በዚያ ጉልበት። ለመጀመሪያ ጊዜ በመሀላችን ውሻ የለም። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ወደ ወለሉ አዩ። የሚያስተረጉምላቸው የለም። ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አሉ። "ለካ ስምህን አላውቀውም።"

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መጠበቄንም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እና አፌ እንዲህ አለ፦

"ኃይሌ።"

"ኃይሌ! እንደ ሯጩ?" ፊታቸው በራ። ለካ በወጣትነታቸው ተራራ ለተራራ የሚሮጠውን ውድድር ሯጭ ነበሩ፤ ጉልበቱም የዚያ ዕዳ ነው። ሲድኒ 2000ን እንደ ትናንት ያስታውሱታል። ኃይሌና ቴርጋት፣ የመጨረሻው መቶ ሜትር፣ 0.09 ሰከንድ። በብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኖች ባንኮኒው ላይ ውድድሩን ደገሙልኝ። እሳቸው ቴርጋትን ያንቀሳቅሳሉ፣ እኔ ኃይሌን። እንደሚሸነፉ እያወቁ ይገፋሉ። እንግሊዝ አገር ከገባሁ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ጊዮርጊስን ግን ዋጥኩት።

ለምን? ብዙ መልስ አዘጋጅቼለታለሁ። ሙሉውን ብናገር ትርጉሙን ይጠይቃሉ፣ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ እኔና ውሻው በአንድ ስም ሞክሼ እንሆናለን። ሳቁ ክፉ አይሆንም። ግን ያ የመስኮት ወረቀት አለ፤ ጥቁርና ውሻ በአንድ መስመር። ይሄ ጥሩ መልስ ነው፣ ሰው ሲሰማውም ያሳምናል። ደግሞ የእማዬ አለ፤ ሰማዕቱን ባንኮኒ ላይ አታንሳው። ይሄም ያስኬዳል። እውነቱ ግን የሥራ መታወቂያዬ ላይም ኃይሌ ነው የተጻፈው። የባንክ ሰው ሲደውልም ኃይሌ ነኝ። ስሙን የቆረጥኩት ከውሻው በፊት ነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለእነሱ ምላስ አዝኜ። ውሻው ምን አደረገ?

"ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይባላል እኛ ጋ። ሽሮ ሜዳ ይሄ ተረት ብቻ አልነበረም። ቆርቆሮ አጥራችንን ውሻው ከሥር ቆፍሮ ሲሸነቁረው አባዬ ድንጋይ ይዞ ይሮጥ ነበር። እዚህ ያለውን አጥር ለእኔ ጆርጅ ቀደደው። በእሱ ቀዳዳ ገባሁ። ታዲያ እኔ ማን ነኝ ማለት ነው? ተረቱ የጅቡን ወገን ጠይቆ አያውቅም። ምናልባት ጅቡም ብርድ ነበረበት። ምናልባት ውስጥ ምድጃ አይቶ ነው።

ባቡሩን ከሆፕ ያዝኩ። ጃኬቴ ርሷል። ግሪንድልፎርድን አልፎ ባቡሩ ቶትሊ ዋሻ ውስጥ ሲገባ መስኮቱ ጠቆረና ራሴን አየሁት። ዋሻው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰው ፊቱን ለማየት ከበቂ በላይ ጊዜ ይሰጠዋል። ሶፍቱን ከኪሴ አወጣሁ። ሴትየዋ በእስክሪብቶ "ለጆርጅ" ብላ ጽፋበታለች። ደረቅ ነገር ደግሞ ተከልክሏል።

አንዱን ብስኩት አውጥቼ ነከስኩት። ጨው የለውም።